ተነሣ ማለት ተዘጋጀ ማለት አይደለም፦ ከኃይል መቋረጥ በኋላ የመረጃ ቋት አገልግሎቶች የአነሣስ ቅደም ተከተል

አጠቃሎ

በዩኒክስ መሰል ሰርቨር ላይ አገልግሎቶች በምን ቅደም ተከተል እንደሚነሡ የሚወስነው ሥርዓት በአዘቦት ቀን የሚያስታውሰው የለም፤ የሚፈተነው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው። ይህ ጽሑፍ የመረጃ ቋት፣ የፍለጋ ሞተርና የድር አገልግሎት ተደጋግፈው የሚሠሩበትን የጥናታዊ ጽሑፎች ማከማቻ በምሳሌነት ይወስዳል። በዚህም አንድ አገልግሎት «ተነሣ» በሚባልበት ቅጽበትና ሥራ ለመቀበል «ተዘጋጀ» በሚባልበት ቅጽበት መካከል ያለውን ልዩነት ያብራራል። ልዩነቱ በሰላሙ ጊዜ ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ ከድንገተኛ የኃይል መቋረጥ በኋላ ግን ወደ ደቂቃዎች ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በዝግጁነት ላይ ካልተመሠረተ ሊጠቅም በሚገባው ቀን አይጠቅምም። በመጨረሻም ጉዳዩን በቤተ ሙከራ ለመፈተን የሚያስችል አካሄድ ይቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የመረጃ ቋት፣ ሰርቨር፣ የአነሣስ ቅደም ተከተል፣ ዝግጁነት፣ ከውድቀት ማገገም

1. መግቢያ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ ጫፍ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1958 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ኮሚሽኑ ጥናቶቹንና ሰነዶቹን ለአንባቢ የሚያቀርበው ዲስፔስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ በተገነባ የተቋም ማከማቻ አማካይነት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፎች ለሕዝብ የሚያቀርብበት ማከማቻ በዚሁ ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው። ዲስፔስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍትና በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ የጋራ ሥራ በ2002 ይፋ የሆነ፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው።

ይህን ሥርዓት ለምሳሌነት የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ የዚህ መጽሔት አንባቢ ጽሑፉን የሚያስቀምጥበትና የሌሎችን ጽሑፍ የሚፈልግበት ዓይነት ቤት በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ዲስፔስ አንድ ፕሮግራም ብቻ አለመሆኑ ነው። ከሰባተኛው እትም ወዲህ ባለው አደረጃጀቱ ቢያንስ አራት አገልግሎቶች ተደጋግፈው ይሠራሉ፦ መዝገቡን የሚይዘው ፖስትግሬስ የመረጃ ቋት፣ ፍለጋውን የሚያቀላጥፈው ሶልር፣ የጀርባ ፕሮግራሙን የሚያስተናግደው ቶምካት፣ ለአንባቢ የሚታየውን ገጽ የሚያዘጋጀው ኖድ። አንዱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢነሣ ሌላው ሊሰናከል ይችላል።

አሁን አንድ ሁኔታ እናስብ። የሚከተለው የማንኛውም ተቋም ታሪክ አይደለም፤ ለማብራሪያ የተቀመረ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይህን መሰል ማከማቻ የሚያስተናግድ ሰርቨር አለ። ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ ዩፒኤሱ ጥቂት ደቂቃ ይጮኻል፤ ከሕንፃው ጀርባ ያለው ጄኔሬተር በወቅቱ ሳይነሣ ይቀራል፤ ባትሪው ያልቃል፤ ሰርቨሩም መረጃ እየጻፈ ሳለ ይጠፋል። ንጋት ላይ መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ በራሱ ይነሣል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ የገባው ባለሙያ የአገልግሎቶቹን ዝርዝር ሲመለከት ሁሉም «በሥራ ላይ» የሚል ምልክት ይዘዋል። ማከማቻው ግን አይከፈትም። በዚያው ቀን ጽሑፏን ለመከላከል የተቀጠረች ተማሪ የጠቀሰችው ሰነድ አይገኝም።

ሁሉም ተነሥተው ሳለ ሥርዓቱ ለምን አይሠራም? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

2. ከተራ ቁጥር ወደ ጥገኝነት

ቀድሞ በዩኒክስ ላይ የአነሣሱ ነገር ቀላል ነበር። ከርነሉ «ኢኒት» የተባለውን የመጀመሪያ ፕሮሰስ ያስነሣል፤ ኢኒትም በአንድ ስክሪፕት ውስጥ የተጻፉትን ትእዛዞች ከላይ ወደ ታች ያስፈጽማል። ቅደም ተከተሉ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ነው። በኋላ ሲስተም ፋይቭ የተባለው የዩኒክስ ዘር ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን ስክሪፕት ሰጠ፤ ስክሪፕቶቹም በስማቸው መጀመሪያ ላይ በሚለጠፍ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር እየተደረደሩ ተራ በተራ ይነሡ ጀመር። በዚህ አሠራር የመረጃ ቋቱ 20 ቁጥርን፣ የድር አገልግሎቱ 90 ቁጥርን ቢይዙ ቋቱ መቅደሙ የተረጋገጠ ነው።

የቁጥር ድርደራ ጉድለቱ ምክንያቱን አለመናገሩ ነው። 20 ከ90 ይቀድማል፤ ለምን እንደሚቀድም ግን የትም አልተጻፈም። አዲስ አገልግሎት የሚጨምር ባለሙያ የሌሎቹን ሁሉ ቁጥር መመርመር አለበት፤ እርስ በርሳቸው የማይፈላለጉ አገልግሎቶችም ያለ ምክንያት ይጠባበቃሉ።

ለዚህ መፍትሔው እያንዳንዱ አገልግሎት የሚያስፈልገውን ራሱ እንዲናገርና ድርደራውን ማሽኑ እንዲያሰላ ማድረግ ነው። ኔትቢኤስዲ በ2000 በወጣው 1.5 እትሙ ይህን አሠራር አስገባ፤ እያንዳንዱ ስክሪፕት ምን እንደሚያቀርብና ምን እንደሚሻ በራስጌው ይጽፋል፤ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ቅደም ተከተሉን ያወጣል። በ2005 የወጣው ሶላሪስ 10 የራሱን የአገልግሎት አስተዳደር ይዞ መጣ። በሊኑክስ ዓለም በ2010 የተጀመረው ሲስተምዲ በፌዶራ በ2011፣ በሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ በ2014፣ በደቢያንና በኡቡንቱ በ2015 ነባሪ ሆነ።

ከበስተጀርባ ያለው ስሌት አንድ ነው። አገልግሎቶቹን እንደ ነጥቦች፣ «እገሌ ከእገሌ በኋላ» የሚለውን ግንኙነት እንደ ቀስት ብንወስድ የምናገኘው አቅጣጫ ያለው ግራፍ ነው። ግራፉ ዑደት ከሌለው ነጥቦቹን ቀስቶቹን በሚያከብር መልኩ መደርደር ይቻላል፤ ካን በ1962 ያሳተመው የድርደራ ስልት ዛሬም በትምህርት ክፍሎች የሚሰጠው ነው። በዲስፔስ ምሳሌ የጀርባ ፕሮግራሙ ፖስትግሬስንና ሶልርን ይሻል፤ የፊት ገጹ የጀርባ ፕሮግራሙን ይሻል። ፖስትግሬስና ሶልር ግን አይፈላለጉም፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ሊነሡ ይችላሉ። ግራፉ ይህን ነጻነት ይጠብቃል፤ የተራ ቁጥር ግን ይሰውረዋል።

3. ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

ሲስተምዲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዋቅሩ ሰዎች ደጋግመው የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። ሥርዓቱ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ይጠይቃል። አንደኛው «ይህ አገልግሎት ማንን ይፈልጋል?» የሚል ነው፤ መልሱ በዩኒት ፋይሉ ውስጥ «ሪኳየርስ» ወይም «ዋንትስ» በሚሉት መስመሮች ይጻፋል። ሁለተኛው «ከማን በኋላ ይነሣ?» የሚል ነው፤ መልሱ «አፍተር» ወይም በተገላቢጦሹ «ቢፎር» በሚሉት ይጻፋል።

አንዱ መልስ ሌላውን አይተካም። ቶምካት ፖስትግሬስን እንደሚፈልግ በ«ሪኳየርስ» ብቻ ቢጻፍ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ መፈለግ መጠበቅ አይደለምና። በ«አፍተር» ብቻ ቢጻፍ ደግሞ ሁለቱም ከተጠሩ ቶምካት ይጠብቃል፤ ፖስትግሬስ ጨርሶ ካልተጠራ ግን ቶምካት ያለ እሱ ይነሣል። በመሆኑም ሁለቱን አጣምሮ መጻፍ የተለመደ ነው።

በ«ሪኳየርስ» እና በ«ዋንትስ» መካከል ያለው ምርጫም ውጤት አለው። «ሪኳየርስ» ከ«አፍተር» ጋር ሲጣመር፣ ፖስትግሬስ መነሣት ካቃተው ቶምካትም አይነሣም። ይህ በመጀመሪያ እይታ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ፖስትግሬስ በመጀመሪያው ሙከራ ወድቆ ከደቂቃ በኋላ በሁለተኛው ቢሳካለት፣ በነባሪው አሠራር የቶምካት ተራ አስቀድሞ ተሰርዟል፤ ማንም መልሶ አይጠራውም። «ዋንትስ» የላላ ነው፤ ቋቱ ቢወድቅም ቶምካት ይነሣል። የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው ወደፊት በምናየው ጉዳይ፣ ማለትም ፕሮግራሙ በራሱ ደግሞ የመሞከር ችሎታ እንዳለውና እንደሌለው ነው።

4. ምጣዱ ተጣደ፣ ምጣዱ ጋለ

ከላይ «ከፖስትግሬስ በኋላ» ስንል ከየትኛው ቅጽበት በኋላ ማለታችን ነው? ምጣድ እሳት ላይ ተጣደ ማለት ጋለ ማለት አይደለም፤ ሳይግል ሊጥ የፈሰሰበት ምጣድ እንጀራውን ያበላሻል። አገልግሎትም እንዲሁ ነው። ፕሮሰሱ የተፈጠረበት ቅጽበት አለ፤ ግንኙነት ለመቀበል የበቃበት ቅጽበት አለ።

ሲስተምዲ የትኛውን ቅጽበት እንደሚቆጥር የሚያውቀው «ታይፕ» ከሚለው መስመር ነው። «ሲምፕል» ከሆነ ፕሮሰሱ እንደተፈጠረ አገልግሎቱ እንደተነሣ ይቆጠራል፤ ተከታዩም ወዲያው ይለቀቃል። «ፎርኪንግ» ከሆነ የመጀመሪያው ፕሮሰስ ልጁን ትቶ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ ይህ ትርጉም የሚኖረው ፕሮግራሙ ከመዘጋጀቱ በፊት የማይወጣ ከሆነ ነው። «ኖቲፋይ» ከሆነ ግን አገልግሎቱ ራሱ «ዝግጁ ነኝ» የሚል መልእክት እስኪልክ ድረስ ተከታዩ ይቆያል። ፖስትግሬስ ከ9.6 እትሙ ጀምሮ ከሲስተምዲ ጋር እንዲሠራ ተደርጎ ከተጠናቀረ ይህን መልእክት መላክ ይችላል፤ የሚልከውም ማገገሙን ጨርሶ ግንኙነት ለመቀበል ሲበቃ ነው።

ማገገም ያልነው ምንድን ነው? የመረጃ ቋት እያንዳንዱን ለውጥ በቋሚ ፋይሎቹ ላይ ከማስፈሩ በፊት በቅድሚያ መዝገብ ላይ ይጽፋል። በየጊዜው ደግሞ እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ በቋሚ ፋይሎቹ ላይ መስፈሩን የሚያረጋግጥ ምልክት ያኖራል፤ ይህ ቼክፖይንት ይባላል። በፖስትግሬስ ነባሪ ቅንብር በሁለት ቼክፖይንቶች መካከል ያለው ረጅሙ ጊዜ 5 ደቂቃ ነው፤ የመዝገቡ መጠን ወደ 1 ጊጋባይት ሲጠጋም ቼክፖይንት ይቀሰቀሳል። ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ከመጨረሻው ቼክፖይንት ወዲህ ያለው ለውጥ በመዝገቡ ላይ እንጂ በቋሚ ፋይሎቹ ላይ በሙሉ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ቋቱ ሲነሣ መዝገቡን ከዚያ ምልክት ጀምሮ እያነበበ ለውጦቹን በድጋሚ ይፈጽማል።

እዚህ ላይ የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ይገለጣል። ሰርቨሩ በሥርዓት ከተዘጋ ቋቱ ሲወጣ የመጨረሻ ቼክፖይንት ስለሚያኖር በሚቀጥለው ጊዜ የሚደገም ነገር የለም፤ በተነሣና በተዘጋጀ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ትንሽ ነው። ባለሙያው ዓመት ሙሉ ሰርቨሩን በሥርዓት እየዘጋ እያስነሣ ቢፈትን ስሕተቱን አያይም። ኃይል በተቋረጠ ማግሥት ግን ቋቱ ማገገም አለበት፤ የማገገሙ ርዝመት በመዝገቡ ብዛትና በዲስኩ ፍጥነት ይወሰናል። የተሳሳተ ቅደም ተከተል ራሱን የሚገልጠው በዚያ ቀን ብቻ ነው።

5. የ90 ሰከንዱ ገደብ

ዝግጁነትን መጠበቅ የራሱ ወጥመድ አለው። ሲስተምዲ አንድ አገልግሎት እስኪዘጋጅ ለዘላለም አይጠብቅም፤ ነባሪ ገደቡ 90 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ መልእክት ያልላከ አገልግሎት እንደ ወደቀ ተቆጥሮ እንዲቆም ይደረጋል።

ማገገሙ 4 ደቂቃ የሚፈጅ ቋት በዚህ ገደብ ሥር ምን ይሆናል? በ90 ሰከንድ ይቋረጣል፤ ዳግም እንዲነሣ ከተዋቀረም ማገገሙን ከመነሻው ይጀምራል፤ እንደገና በ90 ሰከንድ ይቋረጣል። መዝገቡ ደግሞ ቢነበብ መረጃው አይበላሽም፤ ነገር ግን ቋቱ በዚህ አዙሪት ውስጥ ከቶ አይነሣም። ገደቡ የተቀመጠው የተሰናከለ አገልግሎት ሌላውን እንዳያግት ነበር፤ እዚህ ግን ጤነኛውን ቋት ከማገገም ከለከለው።

የፖስትግሬስ መመሪያ ይህን አደጋ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ ገደቡንም ወሰን የለሽ ማድረግን ይመክራል። በደቢያንና በሬድ ሃት ቤተሰብ የሚቀርቡት ፓኬጆችም የመነሻ ገደቡን አስቀድመው አንሥተውታል። አደጋው ያለው ቋቱን ከምንጭ ኮዱ አጠናቅረው የዩኒት ፋይሉን በእጃቸው በሚጽፉ፣ ወይም ከሌላ ቦታ በሚቀዱ ባለሙያዎች ዘንድ ነው። ማሪያዲቢ በበኩሉ ሌላ መንገድ መርጧል፤ እያገገመ ሳለ «ጊዜ ጨምርልኝ» የሚል መልእክት ለሲስተምዲ ይልካል።

ከማሽኑ ገደብ በላይ የሚያሰጋው ግን የሰው ትዕግሥት ነው። በማገገም ላይ ያለ ፖስትግሬስ ለሚመጣበት ግንኙነት «የመረጃ ቋቱ ሥርዓት በመነሣት ላይ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ይህ መልእክት በሎጉ ላይ «ፌታል» በሚል ቃል ተቀድሞ ይጻፋል። ቃሉ የተነገረው ለዚያ አንድ ግንኙነት ነው፤ ቋቱ ሞቷል ማለት አይደለም። ስልኩ የሚጮኽበት ባለሙያ ግን ቃሉን አይቶ ይደነግጣል። ያን ጊዜ ፕሮሰሱን በግድ መግደል፣ የፕሮሰሱን መለያ ቁጥር የያዘውን የመቆለፊያ ፋይል በእጅ መሰረዝ፣ ወይም ቅድሚያ መዝገቡን የሚያጸዳውን መሣሪያ መጠቀም ያምረዋል። የመጀመሪያው ማገገሙን ያስደግማል። ሁለተኛው ሁለት ቋቶች በአንድ ማኅደር ላይ እንዲነሡ በር ሊከፍት ይችላል። ሦስተኛው ሌላ አማራጭ ሲታጣ ብቻ የሚያዝ የመጨረሻ መሣሪያ ነው፤ በመዝገቡ ብቻ የነበሩት ለውጦች ይጠፋሉ፣ የቀረውም መረጃ እርስ በርሱ ላይስማማ ይችላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ላይለቀም ይችላል።

በ2022 የወጣው ፖስትግሬስ 15 ለዚህ አንድ እገዛ አለው፤ ማገገሙ ሲረዝም በነባሪው በየ10 ሰከንዱ የደረሰበትን በሎጉ ላይ ይጽፋል። ባለሙያው ቁጥሩ እየተለወጠ መሆኑን ካየ ሥራው እየሄደ እንደሆነ ያውቃል፤ እጁንም ይሰበስባል።

6. ከቋቱ በታች ያሉት

ቋቱ ራሱ የሚጠብቃቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ዲስክ ነው። የመረጃው ማኅደር በተለየ ዲስክ ላይ ሲሆን፣ ዲስኩ ሳይያያዝ ቋቱ ቢነሣ በባዶ ማኅደር ላይ ይቆማል። የከፋው ሁኔታ ማኅደሩን ባዶ ሲያገኝ አዲስ ቋት የሚፈጥር ስክሪፕት ሲኖር ነው፤ ያን ጊዜ ሥርዓቱ ያለ ምንም ስሕተት ይነሣል፣ በውስጡ ግን አንድም ጽሑፍ የለም። መከላከያው ሁለት ነው። በዩኒት ፋይሉ ላይ «ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር» በሚለው መስመር የማኅደሩ ዲስክ እንዲጠበቅ ማዘዝ አንዱ ነው። ሌላው ማኅደሩን በቀጥታ በማያያዣው ነጥብ ላይ ሳይሆን በውስጡ በተፈጠረ ንዑስ ማኅደር ማድረግ ነው፤ ዲስኩ ከሌለ ንዑስ ማኅደሩም አይኖርምና ቋቱ በግልጽ ይወድቃል። በግልጽ መውደቅ በድብቅ ከመሳሳት ይሻላል።

ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። ሲስተምዲ የኔትወርክ አስተዳደሩ መጀመሩን የሚያመለክት አንድ ነጥብ፣ አድራሻ ተገኝቶ ኔትወርኩ መሥራቱን የሚያመለክት ሌላ ነጥብ አለው፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን አይተካም። ፖስትግሬስ በአንድ የተወሰነ አድራሻ ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ከታዘዘና አድራሻው ገና ከሌለ ሳይነሣ ይቀራል። ከሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ ጋር ተደምሮ ከታዘዘ ደግሞ በውስጡ አድራሻ ብቻ ይነሣል፤ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ዝም ይላል። በሌላ ሰርቨር ላይ ያለው ቶምካት ያን ጊዜ አያገኘውም። መብራት ሲመለስ የኔትወርክ ስዊቹም ከሰርቨሩ ጋር እኩል ስለሚነሣ ይህ ሁኔታ እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። በእናት ሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ የደከመችበት ሰርቨር፣ ኃይል ሲቋረጥበት ቀኑን ይረሳል። ሲስተምዲ ሰዓቱን ቢያንስ ሥርዓቱ ራሱ ከተጠናቀረበት ቀን ወዲህ ያደርገዋል፤ ያም ቢሆን ከትክክለኛው ቀን ወራት ወይም ዓመታት ሊርቅ ይችላል። ለጽሑፎች ማከማቻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የአንድ ጽሑፍ የመግቢያ ቀን፣ የእገዳ ጊዜው ያለፈ ጽሑፍ ለአንባቢ መከፈት፣ የምስጢር ሰርተፊኬቶች ዋጋ ሁሉም በሰዓት ላይ የቆሙ ናቸው። ሰዓቱ ከውጭ እስኪስተካከል መጠበቅ ይቻላል፤ ነገር ግን የኢንተርኔት መስመሩም ላይኖር ስለሚችል ጥበቃው ወሰን ሊኖረው፣ ከወሰኑም በኋላ ለባለሙያው ማስታወቂያ ሊላክ ይገባል።

7. ከቋቱ በላይ ያሉት

በመግቢያው ላይ ያየነው «ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው፣ ነገር ግን አይከፈትም» የሚለው እንቆቅልሽ አሁን ይፈታል። ቶምካት ዕቃ መያዣ ነው፤ በውስጡ የሚጫነው ፕሮግራም ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ቋቱን ካጣ ይወድቃል፤ ቶምካት ግን በሕይወት ይቀጥላል። ሲስተምዲ የሚያየው ቶምካትን ነው። ፕሮሰሱ ስላልሞተ «ሲወድቅ መልሰህ አስነሣ» የሚለው ትእዛዝ አይሠራም፤ የሁኔታ ዝርዝሩም አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። በደቢያንና በኡቡንቱም ተመሳሳይ መሳሳት አለ፤ «ፖስትግሬስ» የሚለው አጠቃላይ ዩኒት ሥራ የሌለው ጥላ ነው፤ ትክክለኛው ቋት በእትሙና በስሙ በሚጠራው ሌላ ዩኒት ሥር ነው። ጥላው በሥራ ላይ መሆኑ ቋቱ መኖሩን አያረጋግጥም።

ቶሎ የሚሞት ፕሮግራም ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይገጥመዋል። በነባሪው ዳግም የማስነሻው ፋታ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ለመነሣት የሞከረ አገልግሎት ደግሞ ከዚያ ወዲያ አይሞከርም። ቋቱ ገና በማገገም ላይ ሳለ ፕሮግራሙ አምስቱንም ዕድል በጥቂት ሰከንድ ይጨርሳል፤ ቋቱ ሲዘጋጅ የሚጠራው አይኖርም። ፋታውን ወደ 15 ወይም 30 ሰከንድ ማራዘም ብቻ ይህን ችግር ያስወግዳል።

ቶምካትን ከመልቀቅ በፊት ቋቱን ራሱን መጠየቅም ይቻላል። ከፖስትግሬስ ጋር የሚመጣ አንድ ትንሽ መሣሪያ ቋቱ ግንኙነት ከተቀበለ 0፣ በመነሣት ላይ ሆኖ ከከለከለ 1፣ ምንም መልስ ከሌለ 2 ይመልሳል። ይህን መሣሪያ እስከ 0 ድረስ የሚደጋግም አጭር ስክሪፕት ከቶምካት በፊት ማስቀደም፣ በ«ኖቲፋይ» ለማይሠሩ ቋቶች በቂ መፍትሔ ነው። በኮንቴይነር ለሚሠሩም ሕጉ አይለወጥም፤ በዶከር ኮምፖዝ «ጥገኛ ነው» የሚለው መስመር በነባሪው የሚጠብቀው መነሣትን ብቻ ነው። ጤንነትን እንዲጠብቅ ተለይቶ መታዘዝ አለበት።

ቋቱና ፕሮግራሙ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ሲሆኑ ግን የአነሣስ ቅደም ተከተል ወሰኑ ላይ ይደርሳል። የአንዱ ሰርቨር ሲስተምዲ የሌላውን አያውቅም። በዚህ ጊዜ ያለው መፍትሔ ፕሮግራሙ ራሱ ቋቱን ሲያጣ ሳይሞት፣ በየጊዜው እየረዘመ በሚሄድ ፋታ ደግሞ እንዲሞክር ማድረግ ነው። ይህን የሚችል ፕሮግራም በ«ዋንትስ» ቢታሰር ይበቃዋል፤ የማይችል ግን ቋቱ ሳይዘጋጅ ባይነሣ ይሻላል።

8. የማቆም ቅደም ተከተል

የአነሣስ ቅደም ተከተል የመቆሚያም ነው። ሲስተምዲ «አፍተር» የሚለውን መስመር ሰርቨሩ ሲዘጋ ገልብጦ ይጠቀምበታል፤ ቶምካት ከፖስትግሬስ በኋላ ከተነሣ ከፖስትግሬስ በፊት ይቆማል። ስለዚህ ቋቱ ከመዘጋቱ በፊት ተጠቃሚዎቹ ወጥተው የመጨረሻውን ቼክፖይንት ለማኖር ጊዜ ያገኛል።

ዩፒኤስ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቢሮዎች ዩፒኤስን የሚቆጥሩት ጄኔሬተር እስኪነሣ መሸጋገሪያ አድርገው ነው። በመቆጣጠሪያ ገመዱ ከሰርቨሩ ጋር ከተያያዘና እንደ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ ያለ ሶፍትዌር ከተጫነ ግን፣ ባትሪው ከማለቁ በፊት ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ያዛል። በሥርዓት የተዘጋ ቋት ንጋት ላይ የሚያገግመው ነገር የለውም። መብራት በተመለሰ ቅጽበት ደግሞ ሰርቨሩ እንዲነሣ አለመቸኮል ይገባል፤ የተመለሰ መብራት ተመልሶ ሊጠፋ ይችላልና፣ ባትሪው በመጠኑ እስኪሞላ ማቆየት ከድርብ ውድቀት ይጠብቃል።

9. በቤተ ሙከራ መፈተን

ይህን ጉዳይ ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ምናባዊ ማሽን ይበቃል። በመጀመሪያ ከፖስትግሬስ ጋር በሚመጣው የጭነት መፈተኛ መሣሪያ ቋቱ ላይ የማያቋርጥ ጽሕፈት ይፈጠራል። ከዚያ ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ፣ ገመዱ እንደተነቀለ ሁሉ፣ በአስተናጋጁ በኩል በግድ ይጠፋል። በሥርዓት መዝጋት ማገገምን ስለሚያስቀር ፈተናውን ከንቱ ያደርገዋል። ማሽኑ ሲነሣ ሦስት ቅጽበቶች ይመዘገባሉ፦ የቋቱ ፕሮሰስ የተፈጠረበት፣ ቋቱ ግንኙነት የተቀበለበት፣ አንድ የታወቀ ጽሑፍ በገጹ ላይ በትክክል የተከፈተበት።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ጊዜ የማገገሙ ርዝመት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው የቀሪው ሥርዓት አነሣስ ነው፤ ሦስተኛው ጨርሶ ካልመጣ ቅደም ተከተሉ ስሕተት አለበት። የቼክፖይንቱን ጊዜና የዲስኩን ዓይነት እየለዋወጡ ሙከራውን መደጋገም፣ ማገገም በምን ያህል እንደሚረዝም የሚያሳይ መረጃ ይሰጣል። ኃይል በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰርቨር ቼክፖይንትን ማቀራረብ የዲስክ ጽሕፈትን ቢያበዛም ማገገምን ያሳጥራል፤ ሚዛኑ የት ላይ መሆን እንዳለበት በአገራችን ሁኔታ ለመለካት የሚፈልግ ተማሪ በእጁ ባለ መሣሪያ ሊጀምር ይችላል። ምናባዊው ማሽን የማያሳየው አንድ ነገር ግን አለ፤ ጻፍኩ ብሎ ያልጻፈ ዲስክ። ባትሪ በሌለው ጊዜያዊ ማኅደር ላይ የሚጽፍ ዲስክ የቅድሚያ መዝገቡን ራሱን ሊያጎድል ስለሚችል፣ ያ በእውነተኛ ማሽን ላይ መፈተን ይኖርበታል።

10. ማጠቃለያ

የአነሣስ ቅደም ተከተል ከተራ ቁጥር ወደ ጥገኝነት ግራፍ ማደጉ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ነገር ግን ግራፉ የሚናገረው ማን ከማን በኋላ እንደሆነ እንጂ «በኋላ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይደለም። ያን የሚወስነው የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የጊዜ ገደቡና የፕሮግራሙ ደግሞ የመሞከር ችሎታ ነው። መፈለግንና መጠበቅን ለይቶ መጻፍ፣ የቋቱን ዝግጁነት መጠበቅ፣ ለማገገም የሚበቃ ጊዜ መስጠት፣ ከቋቱ በታች ያለውን ዲስክ ማረጋገጥ፣ ከበላዩ ያለውን ፕሮግራም በፕሮሰሱ ሳይሆን በሚሰጠው መልስ መመዘን፣ በሥርዓት መዝጋት፤ እነዚህ ሁሉ በጥቂት መስመሮች የሚጻፉ ናቸው። መጻፍ ያለባቸው ግን መብራት ከመጥፋቱ በፊት ነው። ከጠፋ በኋላ ለባለሙያው የሚቀረው ሎጉን አንብቦ ቋቱ ማገገሙን እስኪጨርስ መታገሥ ነው።